ልጁ ሜዳ ላይ ተጎዳ፤ ወጌሻ፣ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ ወይስ ሆስፒታል?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል። የ15 ዓመቱ ተከላካይ ኳስ ሊያስጥል ገባ፣ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ፣ እያነከሰ ወጣ። ጫማው ሳይወልቅ ምክሩ ይጀምራል። አንዱ «ወጌሻ ጋ ውሰዱት፣ አንዴ ቢነካው ይመለሳል» ይላል። ሌላው ፋርማሲ ሮጦ የዲክሎፌናክ ቅባት ይዞ ይመጣል። እናቱ በስልክ «ሆስፒታል ውሰዱልኝ!» ትላለች። አሰልጣኙ ዝም ብሏል፤ እሱ የሚያስበው የሚቀጥለውን ቅዳሜ ነው።

ሁሉም ለልጁ ብለው ነው። ግን «ጉዳቱ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ድሬዳዋ ውስጥ ለተጎዳ ታዳጊ አማራጭ አይጠፋም። ግራ የሚያጋባው የትኛው ለየትኛው ጉዳት እንደሚሆን ነው። እዚህ የማንንም ክሊኒክ አላሞግስም፣ የማንንም እጅ አላንቋሽሽም። መመዘኛ እናስቀምጥና እያንዳንዱን አማራጭ በእሱ እንየው።

የታዳጊ አጥንት ይለያል

ይሄን ሳይዙ መምረጥ አይቻልም። የታዳጊ አጥንት ገና እየረዘመ ነው። በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ አካባቢ እድገቱ የሚካሄድበት ለስላሳ ክፍል አለ። የእድገት ቦታ እንበለው። በሴቶች በአብዛኛው ከ13 እስከ 15 ዓመት፣ በወንዶች ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ጠንክሮ ይዘጋል። እስኪዘጋ ድረስ በዙሪያው ካለው ጅማት ይልቅ እሱ ደካማ ነው።

ስለዚህ የ30 ዓመት ሰው ላይ ወለምታ ብቻ የሚሆን መታጠፍ፣ የ13 ዓመት ልጅ ላይ የእድገት ቦታውን ሊሰብር ይችላል። ሁለቱም ያብጣሉ፣ ሁለቱም ያስነክሳሉ። በዓይን አይለዩም። የእድገት ቦታ ስብራት በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ አጥንቱ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። «እኔም በልጅነቴ ታጥፎብኝ በወጌሻ ድኛለሁ» የሚል አጎት አይጠፋም። የእሱ መዳን ግን ስለዚህ ልጅ አጥንት ምንም አይነግረንም።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ጉዳቱን ማወቅ ይችላል ወይ? ስብራትን ከወለምታ መለየት የማይችል አማራጭ፣ የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን መጀመሪያ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ቢሳሳት ምን ይመጣል? አንዳንድ ስህተት ሁለት ሳምንት ያስከፍላል። አንዳንዱ እግር ያስከፍላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ፍጥነት። ቅዳሜ ማታ ማን ክፍት ነው?

አራተኛ፣ ጠቅላላ ወጪ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አትቁጠሩ። ለወጌሻ ከፍሎ፣ ለቅባት ከፍሎ፣ ከሳምንት በኋላ ሳይሻለው ራጅ የሚነሳ ልጅ ብዙ ነው። ባጃጁንም፣ ወላጅ ከሥራ የሚቀርበትንም ቀን ደምሩበት።

አምስተኛ፣ ወደ ሜዳ ይመልሰዋል ወይ? ህመሙ ጠፋ ማለትና ለመጫወት ዝግጁ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ህመሙ ሲጠፋ ያቆማል፤ ጉዳቱም ተመልሶ ይመጣል።

ምርጫ የሌለባቸው ጉዳቶች

ከዚህ በታች ያሉትን ካያችሁ ንጽጽሩን ተዉት። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

አጥንቱ ቅርጹን ከለወጠ ወይም ቆዳ ቀዶ ከወጣ። ከጉዳቱ በታች ያለው እጅ ወይም እግር ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ። መገጣጠሚያው ከቦታው ከወጣ። የወጣ ትከሻ በልምድ ይመለሳል የሚሉ አሉ። በታዳጊ ላይ ግን ከውልቃቱ ጋር ስብራት ሊኖር ይችላልና ሜዳ ላይ ማንም አይጎትተው። እጁን እንዳለ በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መውሰድ ነው።

ጭንቅላት ለብቻው ይታይ። ቴስታ ሲሉ ተጋጭተው አንዱ ከፈዘዘ፣ ውጤቱን ከረሳ፣ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከያዘው፣ የአንጎል መናወጥ ነው ብላችሁ ያዙት። ራሱን ባይስትም። በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ፍጻሜ ቢሆንም አይመለስም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከጣለው ወይም ካንቀጠቀጠው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። አንገቱን ካመመው ደግሞ አታንቀሳቅሱት፤ አምቡላንስ ጥሩ።

በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጁ ወድቆ ንግግሩ ከተዘባረቀና ሰውነቱ እንደ እሳት ከፈጀ የእግር ጉዳት አትፈልጉ። ጥላ ሥር አስገብታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሳችሁ፣ እያራገባችሁ እርዳታ ጥሩ።

ራጅ ያስፈልገዋል?

ለቁርጭምጭሚት ጥሩ መለያ አለ። በፈረንጆቹ 1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር ድንገተኛ ክፍሎች ይሠራበታል። ለልጆችም ተፈትሿል።

ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው፣ እንደተጎዳም አሁንም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው። ማነከስ ይቻላል፤ ጥያቄው እግሩ ክብደት ይችላል ወይ ነው። ሁለተኛው፣ በግራና በቀኝ ጎልተው የሚታዩትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝና ጫፍ በጣት ስትጫኑ አጥንቱ ላይ ካመመው። እግር መዳፉ ላይ ደግሞ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትሄዱ በውጭ በኩል ጎልቶ የሚዳሰሰውን አጥንት፣ በውስጥ በኩልም ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን ተጫኑ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ራጅ ይነሳ። አንዱም ከሌለ ስብራት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የእድገት ቦታ ስብራት መጀመሪያ ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ራጁ «ንጹሕ» ተብሎ አጥንቱ ጫፍ ላይ ሲነካ ማመሙን ከቀጠለ፣ እንደ ስብራት አሳርፎ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ እንደገና ማሳየት ነው።

አማራጭ 1፦ ቤት ማሳረፍ

ለቀላል ወለምታና ለጡንቻ መሳሳብ ይበቃል። እግሩን ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በፋሻ ለስለስ አድርጎ መጠቅለል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መያዝ። በረዶ ቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። ፍሪጅ ከሌለ ከሱቅ የሚገዛ የቀዘቀዘ የፕላስቲክ ውኃ ያገለግላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የማይደረገውም ይታወቅ። በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ማሸት፣ የሚያቃጥል ቅባት መለቅለቅ እብጠቱን ይጨምራሉ። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚደረጉት ግን እነዚሁ ናቸው።

ፋሻው መጥበቁን እንዲህ እናውቃለን፦ የእግር ጣቱን ጥፍር ተጫኑና ልቀቁ። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ ፍቱት።

በሦስተኛው ቀን እየተሻለው መሆን አለበት። ካልተሻለው የቤቱ አማራጭ አልቋል።

አማራጭ 2፦ ፋርማሲ

ፈጣን ነው፣ ቅርብ ነው፣ ካርድ አይጠይቅም። ፓራሲታሞል በዕድሜውና በኪሎው ልክ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቁ። ፋርማሲ ጉዳቱን አይመረምርም፣ መመርመርም ሥራው አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከጨዋታ በፊት የሚወሰደው ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ህመሙን ይሸፍናሉ፤ የተጎዳው ቦታ ግን እዚያው አለ። ልጁ ሳይሰማው ይሮጥበታል። በዚህ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ውኃ የጠጣው ሳይበቃው በላብ የደረቀ ልጅ እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስድ ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ጨጓራውም አለ። «መርፌ ወግተነው ይጫወትልን» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

አማራጭ 3፦ ወጌሻ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያመራው እዚህ ነውና።

ሰው ወጌሻ ጋ የሚሄደው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው። በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ያናግራል። ወረፋ የለም፣ ሪፈር የለም። አያትን ያውቃል። ጀሶ ለወራት አያስርም፣ «ኦፕራሲዮን» የሚል ቃል አያነሳም። የሚከፈለውም እንደ አቅም ነው። አንድ የጤና ተቋም እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ቢያሟላ ወጌሻ ባልተፈለገ ነበር።

ግን በመመዘኛዎቻችን እንየው። ጉዳቱን ያውቃል? በእጁ ዳስሶ ትልቅ ስብራት ሊያውቅ ይችላል። የእድገት ቦታ ስብራትን ግን በጣት ከወለምታ መለየት አይቻልም፤ ሐኪምም ያለ ራጅ አይችልም። ብዙ ሰው የሚመሰክርለት መዳንስ? ቀላል ወለምታ ነክተውትም ሳይነኩትም በሁለትና በሦስት ሳምንት ይሻለዋል። ምስጋናውን የሚወስደው በመሃል የነካው ሰው ነው።

ቢሳሳትስ? እዚህ ላይ ነው ሚዛኑ የሚወድቀው። ሦስት አደጋ አለ።

አንዱ መጎተት ነው። የተሰነጠቀ የእድገት ቦታ ሲጎተት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ያለ ቀዶ ሕክምና ይድን የነበረው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ሁለተኛው ማሸት ነው። በተለይ ክርንና በግጭት የደማ የጭን ጡንቻ። ሲታሹ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። ከዚያ በኋላ ክርኑ አልዘረጋ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል።

ሦስተኛው ማሰር ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራው። አጥንቱ በቀርከሃ ተደግፎ በጨርቅ ጥብቅ ይደረጋል። እብጠቱ ከውስጥ ይገፋል፣ ማሰሪያው ከውጭ አይለቅም። ደም መዘዋወር ያቆማል። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻና ነርቭ መሞት ይጀምራሉ። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የሚቆረጥ ልጆች አሉ። ምልክቱ እየባሰ የሚሄድ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ህመም ነው። ጣት ሲያንቀሳቅሱለት ይጮኻል። ቀጥሎ መደንዘዝና መቀዝቀዝ ይመጣል። ይህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል። «ነገ ወጌሻው ይምጣና ይፍታው» አይባልም።

የቡድን ወጌሻ ግን ሌላ ነው። ሜዳ ዳር ቦርሳ ይዞ የሚቆመው ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስደዋል፣ በደንብ ይሠራሉ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ራጅ ይታይ» ብሎ ያውቃል? ካለ አጥብቃችሁ ያዙት።

አያት ወይም አጎት ወጌሻ ካልሆነ ካሉስ? ጭቅጭቅ አያዋጣም። «እማማ፣ ወጌሻውን አልከለከልንም፤ ራጁ ብቻ ይቅደም» በሏቸው። ራጁ ስብራት ካሳየ ነገሩ በራሱ ያልቃል። ካላሳየ ደግሞ እንዳይጎትትና እንዳያስር ተነጋግራችሁ ትሄዳላችሁ። ፉክክር ከማድረግ ቅደም ተከተል ማስያዝ ይቀላል።

አማራጭ 4፦ ጤና ጣቢያና የመንግሥት ሆስፒታል

ከተማው ውስጥ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች አሉ። ከዚያ ከፍ ሲል ሐረር የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና አለ፤ በደንገጎ አቀበት በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለተወሳሰበ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ደግሞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ የሚላክ አለ።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። ራጅ፣ ጀሶ፣ ቀዶ ሕክምና በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ናቸው። ክፍያው ከግል ያንሳል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ሪፈሩን ዘልላችሁ ለቀላል ነገር ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ለድንገተኛ ግን ሪፈር አይጠበቅም።

ድክመቱንም ታውቁታላችሁ። ወረፋ። ካርድ ለማውጣት አንድ ወረፋ፣ ለሐኪም ሌላ፣ ለራጅ ሌላ። ወላጅ የቀን ሥራውን ያጣል። ለሞት የማያሰጋ ወለምታ ከመኪና አደጋ ኋላ ቢደረግ ደግሞ ትክክል ነው። ስለዚህ ለማይቸኩል ጉዳት በሥራ ቀን ማለዳ ሂዱ። ለሚቸኩል ደግሞ ወደ ግል አትዙሩ፤ ቀዶ ሕክምና ከፈለገ መመለሳችሁ ስለማይቀር ሰዓት ታባክናላችሁ።

አማራጭ 5፦ የግል ክሊኒክ

የምትገዙት ፍጥነት ነው። ራጅ ያለው ክሊኒክ ከሆነ ቅዳሜ ማታም ቢሆን መልስ ታገኛላችሁ። ለቁርጭምጭሚት፣ ለእጅ አንጓ፣ ለጣት ጥሩ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ራጁን የሚያነበው ማን ነው? ከሁለት አቅጣጫ ይነሳል ወይ? ፊልሙን ይሰጡናል? የልጅ አጥንት ለማንበብ የሚያስቸግር ነው፤ ጥሩ ሐኪም ሲጠራጠር ጤነኛውንም እግር አንስቶ ያስተያያል። ፊልሙን ወስዳችሁ በስልክም ፎቶ አንሱት፤ ሪፈር ከመጣ ሁለተኛ አትከፍሉም።

ለታጠፈ ቁርጭምጭሚት የሽንትና የሰገራ ምርመራ የታዘዘለት ልጅ አውቃለሁ። «ይሄ ምን ይነግረናል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኤምአርአይም እንደዚሁ ነው። ራጅ ጅማትና የጉልበት ውስጥ ክፍሎችን አያሳይም፤ ኤምአርአይ ያሳያል። ግን ሐኪሙ ጉልበቱን በእጁ ሳይፈትሽ «አዲስ አበባ ሄዳችሁ ኤምአርአይ ተነሱ» መባል ገንዘብ ማባከን ነው። ሲሮጥ ዞር ብሎ «ቷ» ያለ፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ያበጠ፣ ከዚያ በኋላ ደረጃ ሲወርድ የሚከዳ ጉልበት ግን ለአጥንት ሐኪም ይታይ። የፊተኛው የጉልበት ጅማት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳት ታዳጊ ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ።

አማራጭ 6፦ ፊዚዮቴራፒ

ማንም የማያስታውሰው ይህ ነው። ለእኔ ግን በገንዘቡ ልክ ከሁሉም የሚበልጠው። ራጁ «ስብራት የለም» ካለ በኋላ ሐኪሙ «እረፍት አድርግ» ይላል፣ ልጁ ሁለት ሳምንት ይተኛል፣ ይመለሳል፣ ያው እግሩ እንደገና ይታጠፋል። አንዴ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት እንደገና የመታጠፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ምክንያቱ ጅማቱ ብቻ አይደለም፤ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውም አብሮ ይዳከማል። መተኛት ይህን አይመልስም።

በየሳምንቱ መመላለስ ግዴታ አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ሄዶ እንቅስቃሴውን በትክክል መማር፣ ከዚያ ቤት መሥራት። በአንድ እግር መቆም፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ በጣት ጫፍ መነሳት፣ በላስቲክ መግፋት። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ጠንካራ እግር ይሠራል ብለው የሚልኩም አሉ። ዝናብ በሌለበት ወቅት ጠንካራ ሰው ይሩጥበት። ከጉዳት የሚመለስ ልጅ ግን ደልዳላ መሬት ይሻለዋል፤ አሸዋው ቁርጭምጭሚትን ያንሸራትታል፣ ስብርባሪ ጠርሙስም አይጠፋበትም።

መመለሻ መለኪያው ቀን ሳይሆን ተግባር ነው። በተጎዳው እግር ብቻ እንደ ጤነኛው መዝለል ይችላል? ሮጦ በድንገት መዞር ይችላል? ሳያመው ሙሉ ልምምድ ጨርሷል? አዎ ከሆነ ይግባ። ከላይ ያነሳነው የጉልበት ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተሠራ ግን ከ9 ወር በፊት ወደ ግጥሚያ መመለስ አይመከርም። ለአንጎል መናወጥም ደረጃ አለ። መጀመሪያ ትምህርቱን በደህና ይከታተል፣ ከዚያ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ልምምድ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ግጭት ያለበት የሚገባው ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ሳይወድቅ የሚያመው ልጅ

ግማሽ ያህሉ ጣጣ በመውደቅ ወይም በግጭት የመጣ አይደለም። ከጉልበት በታች ያለው እብጠት፣ የተረከዝ ህመም፣ የቅልጥም ፊት ህመም። ቁመት በሚመዘዝበት ዕድሜ ጅማት የተያያዘበት የአጥንት ክፍል በመጎተት ይታመማል። ይህን ወጌሻም ራጅም አያድነውም። የሚያድነው ሩጫውን መቀነስ ነው።

ያው አንድ ልጅ ጠዋት በታዳጊዎች ሥልጠና ፕሮጀክት ይሠለጥናል፣ ለትምህርት ቤት ይጫወታል፣ ማታ ለሰፈር ይሰለፋል። ሦስቱ አሰልጣኞች አይተዋወቁም። በሳምንት የሚሠለጥነው ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር ባይበልጥ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ቢያርፍ ጥሩ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከ14 ሰዓት በላይ አይሥራ። ሯጮቹም ደንገጎን ወደ ላይ ይውጡ እንጂ ወደ ታች እየሮጡ ባይወርዱ ጉልበታቸው ያመሰግናል።

ሁለት ነገር ግን ሐኪም ይፈልጋል። ሯጭ ልጅ ቅልጥሟ ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ካመማት የድካም ስብራት ሊሆን ይችላል። ይህም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። የወር አበባዋ ከቆመ ወይም ምግብ ከቀነሰች ደግሞ ለሐኪሙ ይነገር፤ አጥንቷ የሚሳሳው በዚህ ነው። ሌላው፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ህመም፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም ትኩሳት ያለበት አጥንት። የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚታየው በዚህ ዕድሜ፣ በጉልበት አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም። ግን እየታሸ ወራት መባከን የለበትም።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ጉዳቱን ይለያል? | ቢሳሳት | ፍጥነት | ወጪ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| ቤት ማሳረፍ | አይለይም | ቀላል፣ ከ3 ቀን ካላለፈ | ወዲያው | በጣም ትንሽ | መራመድ የሚችል፣ አጥንቱ ሲነካ የማያመው |
| ፋርማሲ | አይለይም | ጉዳቱን ይሸፍናል | ወዲያው | ትንሽ | ለጊዜያዊ ህመም ብቻ |
| ወጌሻ | ትልቅ ስብራት ብቻ | ከባድ | ወዲያው | ትንሽ፣ ከተደጋገመ ብዙ | ከራጅ በኋላ፣ ሳይጎትትና ሳያስር |
| የመንግሥት ሆስፒታል | አዎ | ዝቅተኛ | ለድንገተኛ ፈጣን፣ ለሌላው ወረፋ | መካከለኛ፣ በመድህን ትንሽ | ስብራት፣ ውልቃት፣ ጭንቅላት |
| የግል ክሊኒክ | ራጅና አንባቢ ካለው | መካከለኛ | ፈጣን | ከፍ ያለ | ቁርጭምጭሚት፣ አንጓ፣ ጣት |
| ፊዚዮቴራፒ | ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው | ዝቅተኛ | በቀጠሮ | መካከለኛ | ወደ ሜዳ ለሚመለስ ሁሉ |

እንደ ኪስና እንደ ሁኔታ

በጀት ከሌላችሁ፦ በአራቱ እርምጃና በጣት መጫን ፈትሹ። ካለፈ ቤት አሳርፉ። ካላለፈ በመድህን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ለቅባትና ለመርፌ የምታወጡትን ለራጅ አስቀምጡ።

ትንሽ ካላችሁ፦ ራጁን ፈጥናችሁ በግል፣ ሕክምናውን በመንግሥት። ፊልሙን ይዛችሁ መሄድ መልሶ ከመነሳት ያድናል። የተረፈው ለሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ይሁን።

አቅም ካላችሁ፦ ከኤምአርአይ በፊት የአጥንት ሐኪም። ባቡሩም አውሮፕላኑም አለ ተብሎ ለወለምታ አዲስ አበባ አይኬድም።

ቅዳሜ ግጥሚያ ካለ፦ ውሳኔው የአሰልጣኙ ብቻ አይሁን። መዝለልና መዞር ፈተናውን ሜዳ ላይ አሠሩት፤ ከወደቀ ተቀያሪ ወንበር ላይም አይቀመጥ። ወንበር ላይ ያለ ልጅ በ70ኛው ደቂቃ መግባቱ አይቀርም።

ከከተማ ውጪ ካላችሁ፦ አጥንቱን እንዳለ በሰሌዳ ወይም በታጠፈ ካርቶን ደግፋችሁ፣ ለቀቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ውሰዱት። መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ጣቶቹን ንኩ፤ ከቀዘቀዙ ማሰሪያውን አላሉት።

አሰልጣኝ ከሆናችሁ፦ የፊፋ 11+ የሚባለውን 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ አሠሩ። ዕቃ አይፈልግም፣ ኳስና ሜዳ ይበቃል። በሚገባ በሠሩት ወጣት ቡድኖች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጉዳት በሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ቦርሳችሁ ውስጥ ላስቲክ ፋሻ፣ ትከሻ ማንጠልጠያ ጨርቅ፣ መቀስ፣ በረዶ የያዘ ፔርሙዝና የወላጆች ስልክ ዝርዝር ይኑር። ገንዘብ ከተረፈ ለቡድኑ አንድ ጥንድ ክራንች ግዙ። ቁመቱ የሚስተካከለውን ምረጡ፤ የ12 ዓመቱም የ17 ዓመቱም ይይዘዋል።